ከቦሌ እስከ ዱለስ፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እናቴ ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዱለስ ሲመጡ ጉዞው 17 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ ሲመለሱ ግን በ13 ሰዓት ቦሌ ደረሱ። ርቀቱን ለማወቅ ስፈልግ አንዱ ቦታ 11,560፣ ሌላው 7,180፣ ሌላው ደግሞ 6,240 ይላል። ትኬቱ ላይ ያሉትን የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች ባቀናንስ ጭራሽ መምጫው 10 ሰዓት፣ መመለሻው 20 ሰዓት ሆነብኝ። የትኛውን ልመን? ለገና ልጆቼን ይዤ ለመሄድ ስላሰብሁ ቢያብራሩልኝ።»

ምላሽ፦ ከርቀቱ ልጀምር፤ ያዩዋቸው ሦስት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይጋጩም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዱለስ ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይኸው ርቀት እርስዎ በሚኖሩበት አገር መንገድ በሚለካበት ማይል 7,180፣ አብራሪዎችና መርከበኞች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ይሆናል። የየብሱ ማይል 1,609 ሜትር፣ የባሕሩ ማይል 1,852 ሜትር ነው። ግርታውን የሚፈጥረው ብዙዎቹ የርቀት ማስያዎች «ማይል» ብቻ ብለው የትኛው ማይል እንደሆነ አለመናገራቸው ነው።

«አጭሩ ርቀት» የሚለው አባባል ግን ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ቢያገናኙ፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን ሰንጥቆ በሞሪታኒያና በምዕራብ ሰሐራ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል፤ በዚያ መስመር አቅጣጫ ሳይቀይሩ ቢበሩም ጉዞው ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ልጆችዎ ድቡልቡል የምድር ሉል ካላቸው ክር ወስደው ሁለቱን ከተሞች በማገናኘት ክሩን ጠበቅ ያድርጉት። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ የሰሜን ሱዳንን በረሃና ሊቢያን ያቋርጣል፤ በቱኒዚያ ደቡባዊ ጫፍና በአልጄሪያ አልፎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፤ ስፔንንና ፖርቱጋልን ከረገጠ በኋላ በአትላንቲክ መካከል 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ከደረሰ፣ ከዚያ ቁልቁል እየወረደ በሰሜን ምሥራቅ የአሜሪካ ጠረፍ በኩል ዱለስ ይገባል። 11,560 የሚለው ቁጥር የዚህ ክር ርዝመት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ክር ላይ በትክክል የሚበር አውሮፕላን የለም ማለት ይቻላል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጦርነቱ ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ በመዘጋቱ፣ ክሩ ገና ከመነሻው እንዲጎብጥ ሆኗል፤ የሊቢያንም ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ይሸሹታል። አትላንቲክ ላይ ደግሞ አውሮፕላኖች እንደፈለጉ አይሄዱም፤ በካናዳ ጋንደርና በአየርላንድና በብሪታንያ በኩል ሻንዊክ የሚባሉት የቁጥጥር ማዕከላት የዕለቱን ነፋስ አይተው የሚያወጧቸው መስመሮች አሉ፤ እነዚህም መስመሮች በየቀኑ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ማስያው የሚሰጠው ርቀት የጉዞው ትንሹ ወሰን ነው፤ በተግባር የሚበረረው ርቀት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የበረራ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ለዚህ ልዩነት ብዙም አይጨነቅም፤ እሱ የሚያስበው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በነዳጅና በደቂቃ ነውና ነፋሱ የሚገፋ ከሆነ ረጅሙን መንገድ ቢመርጥ አያስገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ርቀቱ ለመሄጃውም ለመመለሻውም አንድ ከሆነ፣ አራት ሰዓት ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ነው» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ስለሚሽከረከርና አውሮፕላኑም በዚያ አየር ውስጥ ስለሚበር፣ ሽክርክሪቱ ብቻውን ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን አያዘገይም፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውንም አያፋጥንም። እንዲያውም ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ወደ አሜሪካ መምጣቱ ነበር መፍጠን የነበረበት። እውነተኛዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የቦሌ ከፍታ፣ ሌላው ነፋስ ነው። ለእኔ ክብደት ያለው የመጀመሪያው ስለሆነ እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። እናትዎ ይህን ነገር ያለ ፊዚክስ ትምህርት ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ ሽምብራው አልበስል እያለ ያስቸግራል፤ እርስዎ ዘንድ ግን በቶሎ ይበስልላቸዋል። እንጦጦ ዳገት ላይ የሚሮጡ አትሌቶቻችን ሳንባ የሚፈተነውም በዚሁ በሳሳ አየር ነው። የአውሮፕላን ሞተርም እንደ ሯጩ አየር እየሳበ የሚሠራ ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በምድር ላይ በበለጠ ፍጥነት መንደርደር ያስፈልገዋል። የደከመ ሞተር ይዞ ከፍ ያለ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል፤ የቦሌው ግን ወደ 3,800 ሜትር የሚደርስ ቢሆንም የትየለሌ አይደለም። ጎማዎችም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዳይሽከረከሩ ወሰን አላቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አውሮፕላኑ በመነሣት ላይ እያለ አንደኛው ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ከፍታ እየጨመረ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በሰላም መራቅ እንዲችል ሕጉ ያስገድዳል፤ በአዲስ አበባ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚደርስ ልብ ይሏል።

እነዚህ ገደቦች ሲደማመሩ መዘዛቸው አንድ ነው፤ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ሊጭን የሚችለው ክብደት ከባሕር ዳርቻ ሲነሣ ከሚጭነው ያንሳል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር አምራቹ በሚሰጠው መረጃ እስከ 13,500 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር የሚችል ሲሆን፣ ከፍተኛው የመነሻ ክብደቱም 228 ቶን ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ካየነው እንግዲህ ከቦሌ ዱለስ ያለ ማረፍ ደርሶ የሚተርፈው ይመስላል። ነገር ግን አውሮፕላኑ በየሰዓቱ በግምት 5 ቶን ነዳጅ ስለሚያቃጥል፣ ከነፋስ ጋር እየታገለ ለ14 ሰዓት ተኩል ቢበር ከ70 ቶን በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የመጠባበቂያው ነዳጅ አለ። ይህን ሁሉ ከሙሉ መንገደኛና ሻንጣ ጋር ጭኖ በሳሳው አየር መነሣት አይችልም። የዕቅድ ባለሙያው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ አሥር በአሥር ወንበር እያጎደለና ሻንጣ እያስቀረ ነዳጁን መሙላት፣ ወይም ሁሉንም መንገደኛ ይዞ ነዳጁን ቀንሶ ተነሥቶ መንገድ ላይ መቅዳት። የአዲስ አበባ መንገደኛ በሁለት ትልልቅ ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይዞ እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው መልሱ አያስቸግርም። በምሽት መነሣቱም ይረዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነውና ጥቂት ተጨማሪ ቶን ያስጭናል።

ዱለስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሲሆን 3,500 ሜትር የሚሆኑ ማኮብኮቢያዎች አሉት። ያው አውሮፕላን እዚያ ታንኩን ሞልቶ፣ መንገደኛውንም ሻንጣውንም ጭኖ ይነሣል። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛው ነዳጅ ስላለቀ ቀላል ሆኖ ያርፋል፤ ከፍታው በማረፍ ላይ የሚያደርሰው ችግር ደግሞ በመነሣት ላይ ከሚያደርሰው በጣም ያነሰ ነው። እናትዎ ሲመለሱ ያለ ማቋረጥ የበረሩት፣ ሲመጡ ግን መንገድ ላይ ያረፉት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ በአማርኛ «ቀጥታ በረራ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር እንደሚያቀላቅል ይገንዘቡ፤ በአየር መንገዶች ቋንቋ የበረራ ቁጥሩ እስካልተቀየረ ድረስ መካከል ላይ ቢያርፍም «ቀጥታ» ይባላል። ትኬት ሲቆርጡ መጠየቅ ያለብዎ «ቀጥታ ነው ወይ?» ብለው ሳይሆን «የት ያርፋል? ስንት ደቂቃ ይቆማል?» ብለው ነው።

የማረፊያው ቦታ እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር በሮም በኩል የሄደበት ጊዜ ነበር፤ በደብሊን የሄደበት አለ፤ በቶጎዋ ሎሜም እንዲሁ። ሦስቱ በርቀት ረገድ እኩል አይደሉም። በሮም ሲኬድ በአጭሩ መንገድ ላይ የሚጨመረው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በካርታ ሲያዩት ከመንገድ በጣም የወጣ በሚመስለው በደብሊን እንኳ ጭማሪው ከ270 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም በአየር ላይ 20 ደቂቃ አይሞላም። በሎሜ ከሆነ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል። ታዲያ ሎሜን ማን ይመርጣል ቢሉ፣ መልሱ ከነዳጅ ይልቅ ንግድ ላይ ነው፤ ሎሜ በባሕር ዳርቻ ያለች፣ የአስካይ አየር መንገድ መናኸሪያ የሆነችና ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄደው መንገደኛ የሚሰባሰብባት ከተማ ናት። በደብሊኑ ዓይነት የነዳጅ ማረፊያ ላይ መንገደኞች አብዛኛውን ጊዜ ከወንበራቸው ሳይወርዱ ይቆያሉ፤ በዚያው የበረራ ሠራተኞች ይቀያየራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ክፍል፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። በደቡብ ያለው ሞቃት አየርና ከዋልታው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በሚገናኙበት ድንበር ላይ ስለሚፈጠር፣ የሁለቱ የሙቀት ልዩነት በሚሰፋበት በፈረንጆቹ ክረምት ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በዚህ ነፋስ ታግዞ ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የገባበት በረራ እስከ ዛሬ ይወሳል፤ መንገዱ በወትሮው ከስድስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ነው።

በእናትዎ መንገድ ላይ ነፋሱ እንዲህ ዓይነት ተአምር አይሠራም፤ ጄት ስትሪሙን የሚያገኙት በአትላንቲኩና በአውሮፓው ክፍል እንጂ ከሰሐራ ደቡብ አይደለምና። በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገፋል ወይም ይጎትታል ብለን እናስብ። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢበር፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ በምድር ላይ ሲለካ 950፣ ወደ ምዕራብ ሲሄድ 850 ይሆናል። በ12,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በነፋስ በረታ ቀን ሁለት ሰዓትም ያልፋል።

ስለዚህ የአራቱ ሰዓት ሒሳብ በግምት እንደሚከተለው ይከፈላል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆነው የነፋስ ነው። አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ የሚበልጠው አውሮፕላኑ ነዳጅ ሲቀዳ መሬት ላይ የቆመበት ነው። ሌላ ግማሽ ሰዓት ያህል ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንስ፣ በምድር ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያም እንደገና ወደ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲወጣ ያልቃል። ቀሪው መንገዱን ለማረፊያው ሲባል የማጠፉ ዋጋና አየር መንገዶች ለመዘግየት ብለው በመርሐ ግብራቸው ላይ የሚጨምሩት ትርፍ ደቂቃ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ትኬት ላይ የሚጻፈው የጉዞ ጊዜ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆይበት ብቻ ሳይሆን፣ ከቆመበት መንቀሳቀስ ከጀመረበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው። ርቀትን በ900 አካፍለው የሚያቀርቡ ማስያዎች «12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ» ሲሉ ይህን ሁሉ ትተው ነው፤ ለመሄጃም ለመመለሻም አንድ ቁጥር የሚሰጡትም ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለግርድፍ ግምት እንጂ ለዕቅድ አይጠቀሙበት።

የ10 እና የ20 ሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ነው። በሐምሌ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት ትቀድማለች። እናትዎ ከቦሌ የተነሡት ከምሽቱ 4:30 ላይ፣ ማለትም በትኬቱ አጻጻፍ 22:30 ላይ፣ ዱለስ የደረሱትም በማግሥቱ ከጠዋቱ 2:30 ላይ፣ ማለትም በትኬቱ አጻጻፍ 08:30 ላይ ከሆነ፣ ቀንሰው ባገኙት 10 ላይ 7 ሲጨምሩ 17 ይመጣል። ሲመለሱ ደግሞ ከ20 ላይ 7 ሲቀንሱ 13 ይሆናል። ልዩነቱን ሳያውቁም ማረጋገጫ አለ፤ መሄጃና መመለሻ ሲደመሩ የሰዓት ልዩነቱ ይጣፋል። 10 ሲደመር 20 ሠላሳ ነው፤ 17 ሲደመር 13ም ሠላሳ ነው። እርስዎ በሚሄዱበት በገና ሰሞን ግን አሜሪካ ሰዓቷን ወደኋላ መልሳ ስለምትቆይ ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። በዚያን ጊዜ ተመሳሳይ ትኬት ብንወስድ ቅናሹ 9 እና 21 ሆኖ ቢያገኙት አይደናገሩ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የእኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። አንድ ዘመዴ ትኬቱ ላይ «10:30 PM» (በእኛ ከምሽቱ 4:30) የሚለውን አይቶ ሌሊት 10:30 መስሎት፣ ንጋት ሲቃረብ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ ደረሰ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ደግሞ የቀን ስሕተት ያመጣል፤ ትኬቱ «ጃንዋሪ 15፣ 00:40» ካለ ወደ ቦሌ መሄድ ያለብዎ የ14ኛው ቀን ማታ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ አዲሱ ቀን የሚቆጠረው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ ሽማግሌዎች በዚህ ይሳሳታሉ። ትኬቱን ለእናትዎ ሲልኩላቸው ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛ ጽፈው ቢያያይዙላቸው ይመረጣል።

ከልጆች ጋር ለሚያደርጉት ጉዞ የሚጠቅምዎ ነገር ይህ ነው። መሄጃው ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በገና ሰሞን ነፋሱ ስለሚበረታ ከመርሐ ግብሩ ቀድሞ ቦሌ ቢደርስ አያስደንቅም። መመለሻው ግን በዚያው ነፋስ ምክንያት የዓመቱ ረጅሙ ሊሆን ይችላል፤ ከዱለስ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል በረራ ካለዎት በመካከል ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይተዉ፤ መርሐ ግብሩ ላይ ሁለት ሰዓት ይበቃል ቢልዎትም አይቀበሉት፣ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍና ሻንጣ መረከቡ እዚያው ነውና። ልጆቹን መንገድ ላይ በሚያርፈው በረራ የማስተኛቱ ነገር ያስቸግራል፤ ከቦሌ ከተነሡ ከስድስትና ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ እንቅልፍ በጣፈጣቸው ሰዓት፣ መብራቱ ይበራል፣ ወንበር ቀና ይደረጋል፣ ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜም ቀበቶ እንዲፈታ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ እራት እንደበሉ ወዲያውኑ ቢያስተኟቸው ቢያንስ አምስት ሰዓት ያህል ሳይረበሹ ይተኛሉ።

ወደፊትስ ይለወጣል ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ቦይንግ 777-200ኤልአርን፣ በ2012 ድሪምላይነርን፣ በ2016 ኤርባስ ኤ350ን ሲያስገባ በየጊዜው የተሻለ ሞተር መጥቷል፤ የቦሌን አየር ግን የትኛውም አላወፈረውም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ እንዲሠራ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ማለቱ ብቻ በእያንዳንዱ በረራ ብዙ ቶን ያስጨምራል፤ እናትዎ ያለ ማቋረጥ ዱለስ የሚደርሱበት ቀን የሚመጣ ከሆነ ከዚያ በኩል ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። የሚቀረው ልዩነት ያን ጊዜ የነፋሱ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይሆናል።